ከመለኪያ ካርድ በሚወጣ 5 ቮልት ትናንሽ መሣሪያዎችን ስለ ማሠራት

በኮምፒዩተር አማካይነት ሙቀትን፤ ብርሃንን፤ የዐፈርን እርጥበትና ይህን የመሰለውን ሁሉ ለመለካት የሚያገለግል አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ስሙም የመለኪያ ካርድ ይባላል። ሥራው የአስተርጓሚ ሥራ ነው። ይኸውም በሽቦ የመጣለትን የኤሌክትሪክ ግፊት ተቀብሎ ወደ ቍጥር ይለውጥና ለኮምፒዩተሩ ያስረዳዋል፤ ኮምፒዩተሩም ቍጥሩን ይመዘግባል፤ ትእዛዝ ያለውም እንደ ሆነ በዚያው በካርዱ በኩል መልሶ ያወጣል።

እንዲህ ባለው ካርድ ላይ ከመለኪያ መግቢያዎቹ አጠገብ 5 ቮልት የሚል ጽሕፈት ያለበት የሽቦ መግጠሚያ ይገኛል። ከዚህ መግጠሚያ ኤሌክትሪክ ይወጣል። የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ይህን ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ስለምን ቢባል፤ ባትሪ ድንጋይ ሳይገዛና የመብራት መምጣትና መሄድ ሳያስጨንቀው በላፕቶፑ ኃይል ብቻ ሴንሰሩንም ትንሿንም አምፖል ሊያሠራ ይችላልና ነው። ደስታው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ መግጠሚያ የሚገኘው ኃይል በልክ የተሰፈረ ነው፤ ልኩን ሳያውቅ የሚቀዳ ሰው ሁለት ዓይነት ጉዳት ያገኘዋል። አንደኛው ካርዱ ሥራውን ማቋረጡ ወይም መበላሸቱ ነው፤ ይህን ማንም ሰው ያየዋል። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ ካርዱ ደኅና መስሎ እየሠራ የሐሰት ቍጥር ይናገራል፤ ተማሪዎችም ሐሰቱን እንደ እውነት በደብተራቸው ይጽፋሉ። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ያስረዳል፤ ይልቁንም ስለ ሁለተኛው።

ስለ ካርዱና ስለ ኃይሉ ምንጭ

ነገሩን በአንድ በታወቀ ካርድ ላይ እንመልከተው። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ በ1976 የተመሠረተው ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የሚባለው ድርጅት ካወጣቸው የመለኪያ ካርዶች አንዱ ዩ ኤስ ቢ 6008 ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ ድርጅቱንም በ2023 ኤመርሰን የሚባል ሌላ የአሜሪካ ድርጅት ገዝቶታል። መሣሪያው ካርድ ይባል እንጂ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሣጥን ናት፤ በሁለት ጐኗ ሽቦ በብሎን የሚታሰርባቸው መግጠሚያዎች ተደርድረውባታል። ስምንት የመለኪያ መግቢያዎችና ዐሥራ ሁለት የትእዛዝ መስመሮች አሏት። ከኮምፒዩተር ጋራ የምትገናኘው ዩ ኤስ ቢ በሚባለው ገመድ ነው፤ ከዚህም ገመድ በቀር ሌላ ኃይል የምታገኝበት መንገድ የላትም።

እንግዲህ 5 ቮልት ከሚለው መግጠሚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ካርዱ የሚያመነጨው አይደለም፤ ከኮምፒዩተሩ ከተቀበለው ላይ ቀንሶ የሚያካፍለው ነው። ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ምን ያህል ይሰጠዋል? ዩ ኤስ ቢ የሚባለው ሥርዓት በ1996 ወጣ፤ በ2000 የወጣው ሁለተኛው ደንብም እንደሚያዝዘው አንድ መሣሪያ ገና በተሰካ ጊዜ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ መውሰድ አይገባውም፤ ማንነቱን ለኮምፒዩተሩ አስታውቆ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ግን እስከ 500 ሚሊ አምፔር ሊወስድ ይችላል። ከዚህም ውስጥ ካርዱ የራሱን ቀለብ ያነሣል። ለውጭ ሥራ የሚያወጣው ከ200 ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ በመመሪያው ተወስኗል።

ቮልትና አምፔር እንዳይደባለቁ በአጭሩ እንግለጽ። በኮረብታ ላይ ያለ የውሃ ገንዳ ከፍታው ለውሃው ግፊት ይሰጠዋል፤ ይህን ቮልት በለው። በቧንቧው በአንድ ሰዓት የሚያልፈው የውሃ ብዛት ደግሞ አምፔር ነው፤ እኛም ኮረንቲ እንለዋለን። ሚሊ አምፔር የአምፔር አንድ ሺኛ ነው። መግጠሚያው 5 ቮልት ብሎ መጻፉ የገንዳውን ከፍታ ይነግረናል እንጂ ገንዳው ስንት እንስራ እንደሚይዝ አይነግረንም፤ ብዙ ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በገበያ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ «በ5 ቮልት ይሠራል» ተብሎ ስለ ተጻፈበት ብቻ ከካርዱ ጋራ የሚስማማ ይመስላቸዋል። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን ስንት ሚሊ አምፔር ይጠጣል የሚለው ነው።

በዚያው ካርድ ላይ 2.5 ቮልት የሚል ሌላም መግጠሚያ አለ። ይህ ለማመሳከሪያ የተሠራ ስለ ሆነ ከ1 ሚሊ አምፔር በላይ አይሰጥም፤ ምንም ነገር እንዲቀልብ አይጠየቅም።

ሌሎች ካርዶች ሌላ ልክ አላቸው። በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ከሚሰኩት አንዳንዶቹ በ5 ቮልት እስከ 1 አምፔር ያወጣሉ። በ2010 የወጣው አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ርካሽ ሰሌዳም፤ ለመለኪያ ብቻ የተሠራ ባይሆን እንኳ ለትምህርት ቤት ሥራ ይበቃል፤ በዩ ኤስ ቢ ገመድ ሲሠራ ከ500 ሚሊ አምፔር በላይ ሲጠየቅ ኮረንቲውን የሚያቋርጥና ሲቀዘቅዝ ራሱን የሚመልስ ፊውዝ አለው። ሁሉም ቢሆን መመሪያውን አንብቦ ልኩን በሣጥኑ ክዳን ላይ በወረቀት መለጠፍ ይገባል። አንድ መምህር ተዛውሮ ሌላው ሲተካ የሚቀረው ያ ወረቀት ነውና፤ የትምህርት ቤቱን ንብረት የምትጠብቁ ሽማግሌዎችም ዕቃውን ስትረከቡ ወረቀቱ መኖሩን ብትመለከቱ መልካም ነው።

ካርዱን ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ላይ መሰካት ያስፈልጋል። የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው ማከፋፈያ በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 100 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሰጣልና።

ስለ ኮረንቲ ሒሳብ

ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ሕግ ለዚህ ሒሳብ ይበቃናል፤ ግፊቱን ቮልት ሽቦው ኮረንቲን ለሚከለክልበት መጠን ቢያካፍሉት ኮረንቲው ይገኛል። የመከልከሉም መጠን በዚሁ ሊቅ ስም ኦም ይባላል።

ኤል ኢ ዲ የምትባለው ቀይ ትንሽ አምፖል ስትበራ 2 ቮልት ያህል ለራሷ ትይዛለች። ከ5 ቮልት 2 ሲቀነስ 3 ቮልት ይቀራል፤ 330 ኦም የሆነ ሬዚስተር ከፊቷ ቢቆም 3 ለ330 ተካፍሎ 9 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ሬዚስተሩን ትቶ አምፖሏን በቀጥታ ማሰር እርሷንም ማቃጠል፤ ካርዱንም ማስጨነቅ ነው። ኤል ኤም 35 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቈጣቢ ነው፤ የሚጠጣው ከአንድ ሚሊ አምፔር ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው 0.3 አምፔር የተጻፈበት የጥንቱ አምፖል ግን 300 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል፤ ይህም ከልኩ ያለፈ ነው። ከዚህም በላይ የአምፖሉ ክር ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኮረንቲን የሚከለክልበት መጠን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፤ በሚበራበት ቅጽበት የሚጠጣው ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። የመጫወቻ መኪና ሞተርም እንደዚሁ ነው፤ ሲነሣ ከሚሄድበት ጊዜ ይልቅ አብዝቶ ይጠጣል፤ በእጅ ቢያዝ ደግሞ ይብሳል።

የዕቃዎቹ ድምር ከ200 ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ መጠበቅ ግድ ነው፤ በእኔ አሳብ ግን ከ100 ባያልፍ ይሻላል። ያረጀ ላፕቶፕና ቀጭን ገመድ ባለበት ቦታ ልኩን እስከ ጫፉ መጠቀም ለተማሪዎች ጥሩ ልማድ አይደለም።

ድምሩን በወረቀት ካወጡ በኋላ በመልቲሜትር፤ ባለ ሙያዎች ቴስተር በሚሉት፤ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። መልቲሜትሩ ቮልት ሲለካ ሁለቱ ጫፎቹ በ5 ቮልቱና በመመለሻው ላይ ይነካሉ። ኮረንቲ ሲለካ ግን ሽቦው ተቈርጦ መልቲሜትሩ በመካከል ይገባል፤ ኮረንቲው ሁሉ በእርሱ ውስጥ ያልፋል። መራጩን በአምፔር ላይ አድርጎ ጫፎቹን እንደ ቮልት በ5 ቮልቱና በመመለሻው ላይ የሚያሳርፍ ሰው ሁለቱን በወፍራም ሽቦ እንዳገናኘ ይቈጠራል።

ሁለቱ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ወይም በተላጠ ሽቦ ቢነካኩስ? ባለ ሙያዎች ሾርት ይሉታል። መከላከያ ያለው ኮምፒዩተር ወዲያውኑ ለዚያ ቀዳዳ የሚሰጠውን ኃይል ይዘጋል፤ ካርዱ ከኮምፒዩተሩ ፊት ይሰወራል፤ ይመዘገብ የነበረውም ልክ በዚያው ይቋረጣል። ሽቦውን አላቅቆ ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ያድነዋል። መከላከያ የሌለው ግን ላይድን ይችላል፤ ስለዚህ ሽቦ የሚታሰረው ሁልጊዜ የዩ ኤስ ቢው ገመድ ተነቅሎ ነው።

ስለ መመለሻው ሽቦ

ኮረንቲ ከ5 ቮልቱ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ካርዱ ይመለሳል፤ የሚመለስበትም መግጠሚያ ግራውንድ ይባላል። ሰዎች ስለሚወጣበት መንገድ ብዙ ያስባሉ፤ ስለሚመለስበት ግን አይጨነቁም። ለካርዱ ግን ግራውንድ የልክ ሁሉ መነሻ ነው፤ አናጢ እንጨት ሲለካ የሜትሩን ዜሮ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ እንደሚያሳርፍ፤ ካርዱም ማናቸውንም ግፊት የሚለካው ከግራውንድ ጀምሮ ነው። ዜሮው ከተንቀሳቀሰ ልኩ ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ትምህርት ቤት የዶሮ ዕንቁላል የሚፈለፈልበት ሣጥን ሊሠራ አሰበ እንበል። ዶሮ ዕንቁላሏን የምትታቀፈው 21 ቀን መሆኑን ሽማግሌዎች ያውቁታል። በማራገቢያ አየሩ የሚዘዋወርበት ሣጥንም በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ተኩል ያህል ሆኖ መቆየት አለበት፤ በብዙ ቢያልፍ ጽንሱ ይሞታል፤ ቢጐድልም ይዘገያል ወይም ይሞታል። የሚያሞቀው አምፖልና ማራገቢያው በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይሠራሉ። የቤት መብራት 220 ቮልት ነውና እርሱን ከዚህ ሥራ ጋራ ማገናኘት የባለ ሙያ ፈንታ ነው፤ ለተማሪዎች አይፈቀድም። በሣጥኑ ውስጥ ኤል ኤም 35 ይቀመጣል፤ ይህም ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ያወጣል፤ ለ37 ዲግሪ ተኩል 375 ሚሊ ቮልት ይሆናል ማለት ነው። አምፖሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ሪሌ ነው፤ ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በገበያ የሚገኘው ትንሹ ባለ 5 ቮልት ሪሌ መጠምጠሚያው 70 ኦም ስለ ሆነ 71 ሚሊ አምፔር ይጠጣል። ሴንሰሩና ሪሌው ቢደመሩ ከ200 ሚሊ አምፔር ብዙ ያንሳሉ፤ ካርዱም ሊቀልባቸው ይችላል። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ደኅና ነው።

ኮምፒዩተሩ ያለው በአንድ ክፍል፤ የዕንቁላሉ ሣጥን ደግሞ 5 ሜትር ርቆ በጸጥታ ቦታ ነው። አራት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ተዘረጉ፤ አንዱ 5 ቮልቱን ይወስዳል፤ ሁለተኛው ግራውንድ ነው፤ ሦስተኛው የሴንሰሩን ቃል ያመጣል፤ አራተኛው ለሪሌው ትእዛዝ ያደርሳል። ሴንሰሩም ሪሌውም የሚመለሱት በዚያው በአንዱ የግራውንድ ሽቦ ነው። ሽቦው ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን 5 ሜትሩ 0.44 ኦም ይሆናል። ይህ ከንቱ የሆነ ትንሽ ቍጥር ይመስላል። ሆኖም 71 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት በሽቦው በአንደኛው ጫፍና በሁለተኛው ጫፍ መካከል 31 ሚሊ ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። የሴንሰሩ ዜሮ ከካርዱ ዜሮ በ31 ሚሊ ቮልት ከፍ አለ፤ ካርዱም ይህን ከሴንሰሩ ቃል ጋራ ደምሮ ያነበዋል። 31 ሚሊ ቮልት ደግሞ በዚህ ሴንሰር ቋንቋ 3 ዲግሪ ነው።

ከሁለት ማሳ የሚወርድ ውሃ በአንድ ጠባብ ቦይ ሲወጣ ከላይኛው ማሳ ብዙ ውሃ በተለቀቀ ጊዜ በታችኛው ማሳ ያለው ውሃ እንደሚነሣ ሁሉ፤ እዚህም የሪሌው ኮረንቲ ቦዩን ስለ ሞላው የሴንሰሩ ልክ ተነሣ።

ከዚህ የሚመጣው ምንድር ነው? ሣጥኑ በእውነት 35 ዲግሪ ነው። ኮምፒዩተሩ 35 ያነብና «አነሰ» ብሎ ሪሌውን ይስባል። ሪሌው በተሳበ ቅጽበት ንባቡ 38 ይሆናል። ኮምፒዩተሩም «በዛ» ብሎ ይለቀዋል፤ ንባቡም ወደ 35 ይመለሳል። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚያነብ ቢሆን ሪሌው በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጊዜ እየተሳበና እየተለቀቀ ቀንና ሌሊት ይንጣጣል፤ ይህም በቀን 43,200 ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ሪሌ ጭነት ይዞ 100,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለ ሆነ በሦስተኛው ቀን ዕድሜው ያልቃል። አምፖሉም ከጊዜው እኩሌታውን ብቻ ስለሚበራ በብርድ ሌሊት ሣጥኑ የሚፈለገውን ሙቀት ላያገኝ ይችላል። መዝገቡን የሚያነብ ተማሪ ግን ሙቀቱ በየሰከንዱ 3 ዲግሪ የሚወጣና የሚወርድ ይመስለዋል፤ ምናልባትም መምህሩ አምፖሉ አየሩን እንዲህ ቶሎ ያሞቀዋል ብሎ ያስተምራል። ከተበላሸው ዕንቁላል ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የሚሻለው ሪሌውን ከዕንቁላሉ ሣጥን አንሥቶ በካርዱ አጠገብ ማኖር ነው፤ ያን ጊዜ 71 ሚሊ አምፔሩ በአንድ ስንዝር ሽቦ ወጥቶ ይመለሳል፤ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው የባትሪው የ12 ቮልት ሽቦ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም በሪሌው ከካርዱ የተለየ ነው። የሴንሰሩና የሪሌው መመለሻዎች ግን በየራሳቸው ሽቦ እስከ ካርዱ ግራውንድ ድረስ ይሂዱ፤ በመንገድ አይገናኙ።

ሪሌው ከሣጥኑ እንዳይነሣ የሚያስገድድ ምክንያት ቢኖር ሌላ ዘዴ አለ። ካርዱ ግፊትን በሁለት መንገድ ሊለካ ይችላል፤ አንደኛው ከራሱ ግራውንድ ጀምሮ፤ ሁለተኛው ደግሞ በሁለት መግቢያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ። ለሁለተኛው መንገድ ከሴንሰሩ የግራውንድ እግር አንድ ተጨማሪ ሽቦ ተስቦ ከሴንሰሩ ቃል ጋራ ጥንድ በሆነው መግቢያ ላይ ይታሰራል። በዚህ ሽቦ ከቍጥር የማይገባ ኮረንቲ ብቻ ስለሚያልፍ የሴንሰሩን ዜሮ ሳያዛባ ያደርሳል፤ ካርዱም አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። በዩ ኤስ ቢ 6008 ላይ ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ከግራውንድ ጀምሮ ሲለካ ከዜሮ በታች 10 ቮልት እስከ ዜሮ በላይ 10 ቮልት ያለውን ስፋት በ2,048 ደረጃ ስለሚከፍለው አንዱ ደረጃ 10 ሚሊ ቮልት ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ ሙሉ ዲግሪ። በልዩነት ሲለካ ግን ስፋቱን ከዜሮ በታችና በላይ ወደ 1 ቮልት ማጥበብ ይቻላል፤ ደረጃዎቹም 4,096 ይሆናሉ፤ አንዱ ደረጃ ግማሽ ሚሊ ቮልት፤ ማለት የዲግሪ ሃያኛ እጅ ይሆናል። ይህ የደረጃው ማነስ እንጂ የሴንሰሩ እውነተኛነት አይደለም፤ ሴንሰሩ ራሱ በግማሽ ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ይችላል።

የ5 ቮልቱ መዋዠቅ ለኤል ኤም 35 አያስፈራም፤ ከ4 ቮልት እስካላነሰ ድረስ ቃሉን አይለውጥም። በኃይሉ መጠን የሚናገሩ ሌሎች ሴንሰሮች ግን አሉ፤ ለምሳሌ እንደ ራዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የሚዞረው ሬዚስተር። በእኩሌታው ላይ ሲቆም ከ5 ቮልት 2.5 ይናገራል፤ መግጠሚያው ጭነት በዝቶበት ወደ 4.85 ቢወርድ 2.425 ይናገራል፤ እጀታውን ማንም ሳይነካው የዞረ ይመስላል። ስለዚህ 5 ቮልቱን ራሱን በሌላ መግቢያ እየለኩ የሴንሰሩን ቍጥር ለእርሱ ማካፈል ነው። መግጠሚያው ቢወርድ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ድርሻው ግን አይለወጥም።

ስለ ትእዛዝ መስመሩና ስለ ሪሌው

የካርዱ የትእዛዝ መስመር «አብራ» ሲባል 5 ቮልት ያሳያል፤ ይሁን እንጂ አምፖልም ሪሌም አያነሣም። በዩ ኤስ ቢ 6008 ላይ ይህ 5 ቮልት የሚመጣው በ4,700 ኦም ሬዚስተር በኩል ስለ ሆነ ከ1 ሚሊ አምፔር ብዙም አይበልጥም። ባዶውን በመልቲሜትር ሲለኩት 5 ቮልት ሆኖ ሲያስሩበት የሚጠፋው ስለዚህ ነው። በመካከል ትራንዚስተር መግባት አለበት፤ ትራንዚስተሩ በትንሹ ትእዛዝ የ5 ቮልቱን መግጠሚያ ኃይል ወደ ሪሌው ያሳልፋል።

የትኛው ዓይነት ትራንዚስተር? ብዙ መጻሕፍት ኤን ፒ ኤን የሚባለውን ያሳያሉ፤ እርሱ መስመሩ 5 ቮልት ሲሆን ያበራል። በዚህ ካርድ ላይ ግን ይህ ክፉ ምርጫ ነው። ካርዱ ገና ሲሰካ፤ ፕሮግራሙም ሳይጀመር መስመሮቹ በዚያ ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ተስበው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ማንም ሳያዝዝ አምፖሉ ሊበራና ዕንቁላሉን ሊቀቅል ይችላል። ፒ ኤን ፒ የሚባለው ዓይነት፤ ለምሳሌ 2 ኤን 2907፤ የሚያበራው መስመሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ ብቻ ነው። አንዱ እግሩ፤ ኤሚተር የሚባለው፤ በ5 ቮልቱ ላይ ይታሰራል፤ መካከለኛው፤ ቤዝ የሚባለው፤ በ1,000 ኦም ሬዚስተር በኩል ከመስመሩ ጋራ፤ ሦስተኛው፤ ኮሌክተር የሚባለው፤ ከሪሌው መጠምጠሚያ ጋራ ይገናኛል፤ የመጠምጠሚያው ሌላ ጫፍ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። በቤዝ በኩል የሚያልፈው 4 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ መስመሩም ይህን ይችላል።

በመጠምጠሚያው ሁለት ጫፎች ላይ ዳዮድ ማሰር መዘንጋት አይገባም፤ ቀለበት ምልክት ያለበት ጫፉ ኮረንቲ ወደ መጠምጠሚያው በሚገባበት በኩል ይሁን። ሪሌው በሚለቀቅበት ጊዜ መጠምጠሚያው ያከማቸውን ኃይል በአንድ ጊዜ በከፍተኛ ቮልት ይተፋዋል፤ ዳዮዱ ከሌለ ትራንዚስተሩን ይገድለዋል።

ከካርዱ ልክ በላይ ስለሚፈልጉ ዕቃዎች

ሞተርም ሆነ ብዙ አምፖል ማሠራት የሚያስፈልግ እንደ ሆነ የራሳቸው ባትሪ ይሰጣቸው። ሁለት ነገር ብቻ ይታወስ። ዕቃው ከካርዱ ጋራ በሽቦ የሚነጋገር ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ ከካርዱ ግራውንድ ጋራ በአንድ ቦታ ይገናኛል፤ አለዚያ ካርዱ ከምን ተነሥቶ እንደሚለካ አያውቅም። የባትሪው ፖዘቲቭ ግን ከካርዱ 5 ቮልት ጋራ ከቶ አይገናኝም። አራት አዲስ ባትሪ ድንጋዮች ተደርድረው ከ6 ቮልት ስለሚበልጡ ኮረንቲው ወደ ኋላ ወደ ካርዱና ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል፤ መውጫው መግቢያ ይሆናል። ዕቃው ሲያንስበት «ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን እንርዳው» የሚል አሳብ በየትምህርት ቤቱ የሚነሣ ስለ ሆነ ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ትልልቅ ካፓሲተሮችንም በ5 ቮልቱ ላይ ማሰር አይገባም፤ ባዶ ሆነው ሲሰኩ በአንድ ጊዜ አብዝተው ስለሚጠጡ ኮምፒዩተሩ ካርዱን ሊዘጋው ይችላል። የዩ ኤስ ቢው ደንብ በሚሰካ መሣሪያ መግቢያ ላይ የሚፈቅደው እስከ 10 ማይክሮ ፋራድ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ እንዳያንቀላፋ አስቀድሞ ይታዘዝ፤ ሲያንቀላፋ የዩ ኤስ ቢው ኃይል ሊቋረጥ ይችላልና። ይህ ቢደርስም አምፖሉ ሪሌው ሲሳብ ብቻ በሚነካካው ጫፍ ላይ ከታሰረ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል እንጂ በርቶ አይቀርም። ሣጥኑ ቀዝቅዞ ጫጩት ቢጠፋ ጉዳት ነው፤ ሌሊት ማንም በሌለበት ክፍል እሳት ከመነሣት ግን ይሻላል።

ዕንቁላል ከመግባቱ በፊት ሣጥኑ ባዶውን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይሥራ። በሴንሰሩ አጠገብ ተራ የመስተዋት ቴርሞሜትር ይቀመጥና አንድ ተማሪ በየሰዓቱ ሁለቱን አንብቦ ጐን ለጐን ይጻፍ። ከዚያ በኋላ አምፖሉ ከባትሪው ተለያይቶ ሪሌው ብቻውን እንዲሳብና እንዲለቀቅ ይደረግ፤ ሌላ ተማሪም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቍጥር ይመልከት። አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ ሪሌው ጠቅ ባለ ቅጽበት ቍጥሩ የሚዘል ከሆነ አየሩ አልሞቀም፤ የግራውንዱን ሽቦ ከካርዱ ጀምሮ እስከ ሣጥኑ ድረስ እየተከተሉ ሪሌውና ሴንሰሩ የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ነው።